የዓመት ምርመራ ላይ ከወሰን ትንሽ የወጡ ቁጥሮች፦ የቱ ይደገማል? የቱ ይታለፋል?

የክሊኒክ ነርስ፦

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ቦታ ክሊኒክ የዓመታዊ ምርመራ ውጤት ለሠራተኞች የማስረዳው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ «ከፍ ያለ»፣ «ዝቅ ያለ» የሚል ምልክት ሲበዛ አንዱ እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላው «ትንሽ ናት» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከታች ያለውን ውጤት የማካፍለው ባለቤቱ ፈቅዶልኝ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከወሰኑ የወጣው በጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ናቸው።

ወንድ፣ 41 ዓመት፣ ክብደት 84 ኪሎ፣ ቁመት 1.72 ሜትር፣ የወገብ ዙሪያ 99 ሳንቲሜትር፣ የደም ግፊት 136/88። የሚሰማው ሕመም የለም። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም አይወስድም።

የደም ስኳር በባዶ ሆድ 108 (ወሰኑ 70–99)
የጉበት ኤንዛይሞች፦ ኤኤልቲ 56 (እስከ 41)፣ ኤኤስቲ 38 (እስከ 40)
ጠቅላላ ቢሊሩቢን (ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ቀለም) 1.7 (እስከ 1.2)፣ ዳይሬክት (ጉበት ያጣመረው ክፍል) 0.3
ክሬአቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው የጡንቻ ተረፈ ምርት) 1.3 (እስከ 1.2)
ፖታሲየም 5.4 (3.5–5.1)
ዩሪክ አሲድ 7.3 (እስከ 7.0)
የደም ቅባቶች፦ ኮሌስትሮል 218፣ ኤችዲኤል («ጥሩው») 41፣ ትራይግሊሰራይድ 190፣ ኤልዲኤል («መጥፎው») 139
ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን የሚያዘው ሆርሞን) 5.6 (0.4–4.2)
ነጭ የደም ሴል 3,600 (4,000–11,000)፣ ከእነዚህ ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት 38 በመቶ፣ ሊምፎሳይት የሚባለው 48 በመቶ «ከፍ ያለ»
ሄሞግሎቢን 15.1፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት) 230,000
ሽንት፦ ፕሮቲን «ትሬስ» (በጣም ጥቂት)፣ ሌላው ንጹሕ

ደሙ የተወሰደው ጠዋት፣ ከምግብ 14 ሰዓት ያህል ከራቀ በኋላ ነው። በዋዜማው ምሽት ጂም ገብቶ ከባድ የእግር ልምምድ ሠርቷል። ቱቦዎቹ ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆዩ ላብራቶሪ ደረሱ፤ ሴንትሪፊዩጅ የተደረጉትም (ሴረም የሚባለውን ፈሳሽ ከሴሎቹ ለመለየት በማሽን የተሽከረከሩትም) እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። በረዶ ላይ አልተቀመጡም።

ጥያቄዬ፦ የቱ ይደገም? መቼ? ምን ዓይነት ዝግጅት ተደርጎ? ሰውዬውንስ ዛሬ ምን ልበለው?


ማይክሮስኮፕ (የላብራቶሪ ባለሙያ)፦

እህቴ፣ የናሙናውን ሁኔታ መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ብቻ ይመጣና ሁላችንም በግምት እንነጋገራለን።

አስቀድሞ ስለ ወሰኑ። ላብራቶሪዎች «መደበኛ» የሚሉት ጤናማ ከሆኑ ሰዎች መካከል የ95 በመቶው ውጤት የሚያርፍበትን ክልል ነው። ከላይ 2.5 በመቶ፣ ከታች 2.5 በመቶ ጤናማ ሰው ከወሰኑ ውጭ ይቀራል ማለት ነው። አንድ ፍጹም ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎችን ቢያደርግ ቢያንስ አንዱ ከወሰን የሚወጣበት ዕድል 64 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ለብቻው የቆመ ምልክት ብዙም አይናገርም። የሚናገረው ምልክቱ ጓደኛ ሲኖረው፣ ሲደገምም እዚያው ሲገኝ ነው።

ፖታሲየም 5.4 ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የአወሳሰዱን መንገድ ነው። ክንዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ታስሮ ከቆየ፣ በተለይም ሰውዬው «ጨብጥ ልቀቅ» እየተባለ እጁን ደጋግሞ ከጨበጠ፣ ከክንድ ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም ውጤቱን እስከ 1 ሚሊሞል በሊትር ሊያስጨምረው ይችላል። በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ወይም ቱቦው ሲናጥ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወደ ሴረሙ ይፈሳል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሄሞላይሲስ (የሴሎቹን መፈንዳት) መጠኑን ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ላብራቶሪውን ደውለው ይጠይቁ፣ ወረቀቱ ላይ ባይታተምም መዝገቡ ላይ ይኖራል።

አሁን ስኳሩን እንይ፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው የሚረዳው ይህንን ነው። ደም ከተቀዳ በኋላም ሴሎቹ ሕያው ናቸው፣ ስኳሩንም መብላታቸውን ይቀጥላሉ። በክፍል ሙቀት ሴረሙ ሳይለይ የቆየ ቱቦ ውስጥ ስኳር በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ 108 የተነበበ ናሙና ሲቀዳ ከ120 እስከ 125 አካባቢ ነበር ማለት ይቻላል። ፍሎራይድ ያለበት ባለ ግራጫ ክዳን ቱቦ ተጠቅመው ቢሆንም በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት መቀነሱ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ፍሎራይድ ሥራውን የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። መዘግየት ውጤቱን ያበላሻል ሲባል ሰው ሁልጊዜ «ያለ አግባብ አሳደገው» ብሎ ያስባል። ስኳር ላይ ግን መዘግየት የሚያደርገው መደበቅ ነው። ስለዚህ 108ን «በናሙናው ምክንያት ነው» ብለው እንዳያልፉት።

አንዳንድ ቦታ ይህንን ለማረም ሁሉንም ቱቦ በረዶ ላይ ያስቀምጣሉ። ስኳሩ ይተርፋል፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው ፖታሲየምን በሴሉ ውስጥ ይዞ የሚያቆየውን ፓምፕ ስለሚያዳክመው ፖታሲየሙ ይወጣል። መፍትሔው በረዶ አይደለም፤ ሴረሙን በፍጥነት መለየት ነው።

ሊምፎሳይት 48 በመቶ የሚለውን ምልክት ይርሱት። በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር የሚነበበው ከጠቅላላው ጋር ተባዝቶ ነው፦ 3,600 ሲባዛ 0.48፣ 1,730 ያህል። ይህ ፍጹም መደበኛ ነው። መቶኛው ከፍ ያለው ኒውትሮፊሉ ስላነሰ ብቻ ነው፤ እሱም 3,600 ሲባዛ 0.38፣ 1,370 ያህል ይሆናል። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ይህኛው ነው፤ ለሐኪሞቹ እተወዋለሁ።

ሽንት ላይ «ትሬስ» ፕሮቲን በዋዜማው ከባድ ልምምድ ለሠራና ለረጅም ሰዓት ላልጠጣ ሰው የሚጠበቅ ነው። የወረቀት መፈተኛው የሚለካው ክምችትን ስለሆነ የወፈረ ሽንት ላይ ቀለሙ ይደምቃል። ስፔሲፊክ ግራቪቲው (የሽንቱ ውፍረት መለኪያ) 1.025 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትሬስ ብዙ ዋጋ የለውም። ሲደገም ከእንቅልፍ ሲነሳ የሚሸናው የመጀመሪያው ሽንት ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ያለውን አፍስሶ መሐሉን ይያዝ። ከወረቀቱ ይልቅ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ለክሬአቲኒን ያለው ምጣኔ ይለካ። በአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊግራም አልቡሚን በታች ከሆነ ጉዳዩ ተዘጋ።


የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔን ግን ወረቀቱ ላይ ምልክት ከተደረገባቸው ይልቅ በአንድነት ሲታዩ የሚናገሩት ያሳስቡኛል። የወገብ ዙሪያ 99፣ ግፊት 136/88፣ ትራይግሊሰራይድ 190፣ ስኳር 108። የሜታቦሊክ ሲንድሮም (ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጡ ምልክቶች አንድ ላይ መገኘት) መስፈርት አምስት ነገሮችን ያያል፦ ወገብ (ከሰሐራ በታች ላሉ አፍሪካውያን ወንዶች የሚሠራበት መነሻ 94 ሳንቲሜትር ነው)፣ ትራይግሊሰራይድ 150 እና ከዚያ በላይ፣ ኤችዲኤል ለወንድ ከ40 በታች፣ ግፊት 130/85 እና ከዚያ በላይ፣ ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ። ሦስቱ ከተሟሉ በቂ ነው፤ እኚህ ሰው አራቱን አሟልተዋል፣ አምስተኛውንም በአንድ ነጥብ ነው ያመለጡት። አራቱንም ለየብቻ ያየ ሰው «ትንሽ ናት» ይላል። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ኢንሱሊን በሚገባው ልክ እየሠራ አለመሆኑን ያሳያሉ፤ ኤኤልቲውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ይመስላል።

ስለ ጉበቱ። ኤኤልቲ ከላይኛው ወሰን ሁለት እጥፍ ሳይሞላ ሲቀር «መለስተኛ» ይባላል። በዋዜማው የተሠራው የእግር ልምምድ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም ኤንዛይሞች ጡንቻ ውስጥ ስላሉ ያልተለመደ ከባድ ልምምድ አንድ ሳምንት ድረስ ሊያሳድጋቸው ይችላል። ነገሩን የሚለየው ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኤንዛይም ነው። ሲኬ በብዙ እጥፍ ካደገ ምንጩ ጡንቻ ነው። ከባድ ልምምድ ሳይሠራ ሳምንት ቆይቶ ሲደገም ኤኤልቲ እዚያው 50ዎቹ ውስጥ ካለ ግን ጡንቻውን ትተን ወደ ጉበት እንሄዳለን፦ የሄፓታይተስ ቢ የገጽ አንቲጅን፣ የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ)፣ አልትራሳውንድ። ቢ እና ሲን «ጤነኛ ይመስላል» ብሎ መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ለዓመታት ድምፅ ሳያሰሙ ይቆያሉ፣ ሁለቱም ሕክምና አላቸው። አልትራሳውንድ ደግሞ ጉበቱ ውስጥ የተከማቸው ስብ ከጉበቱ አምስተኛ እጅ በታች ከሆነ ሊያመልጠው ስለሚችል «ንጹሕ ነው» የሚለው መልስ ነገሩን አይዘጋውም።

ጉበቱ መጠጠር ጀምሮ እንደሆነ ለመገመት ተጨማሪ ገንዘብ የማይጠይቅ ስሌት አለ፤ ፊብ-4 ይባላል። ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዛሉ፤ ያገኙትን ለፕላትሌት (በሺህ) እና ለኤኤልቲ ካሬ ሥር ብዜት ያካፍላሉ። እዚህ ላይ 41 ሲባዛ 38፣ 1,558። የ56 ካሬ ሥር 7.48፤ ሲባዛ 230፣ 1,720 ያህል። ውጤቱ 0.9 ነው። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። ከ35 ዓመት በታች ላለ ሰው አይታመንም፣ ከ65 በላይ ለሆነ ደግሞ መነሻው ወደ 2.0 ከፍ ይላል።

ቢሊሩቢን 1.7 ሆኖ ዳይሬክቱ 0.3 ብቻ ከሆነ ከፍ ያለው ያልተጣመረው ክፍል ነው። ሄሞግሎቢኑ 15.1 ስለሆነ ደም እየፈረሰ ነው ለማለት ምክንያት የለም፤ ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የተሠሩ ቀይ የደም ሴሎች) አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃል። የቀረው የጊልበርት ሁኔታ ነው። ቢሊሩቢንን የሚያጣምረው ኤንዛይም በተፈጥሮ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ከምግብ ሲራቁም ቁጥሩ ይወጣል፤ 14 ሰዓት በባዶ ሆድ መቆየት ለዚህ በቂ ነው። በሽታ አይደለም፣ መድኃኒት አያስፈልገውም። ስሙን ግን ሰውዬው ይያዘው፤ ሌላ ጊዜ ዓይኑ ትንሽ ቢጫ ሲል ያለ አግባብ እንዳይመረመር ይረዳዋል።

ክሬአቲኒን 1.3 በ2021 በወጣው ስሌት ሲሰላ የኩላሊት ማጣሪያ አቅሙን 71 አካባቢ ያደርገዋል። የኩላሊት በሽታ ለማለት ከ60 በታች ሆኖ ወይም አልቡሚን በሽንት እየወጣ ከሦስት ወር በላይ መቆየት አለበት። ጡንቻ ያለው፣ በዋዜማው ከባድ ልምምድ የሠራ ወይም የበሰለ ሥጋ በብዛት የበላ ሰው ክሬአቲኒኑ ከፍ ሊል ይችላል። ይደገም፤ ከሽንት አልቡሚኑ ጋር ይነበብ።

ዩሪክ አሲድ 7.3፣ ሪህ ወይም የኩላሊት ጠጠር ከሌለ፣ በመድኃኒት አይነካም።

ኤልዲኤሉ በስሌት የመጣ ነው፦ 218 ሲቀነስ 41፣ ሲቀነስ የትራይግሊሰራይድ አምስተኛ (38)፣ 139። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ሲሆን ይህ ስሌት አይሠራም። እኔ ግን ኤችዲኤል ያልሆነውን ሁሉ ማየት እመርጣለሁ፤ 218 ሲቀነስ 41፣ 177። መድኃኒት ይጀመር አይጀመር የሚለው በዚህ ቁጥር ብቻ አይወሰንም፤ ግፊቱ፣ ሲጋራው፣ ስኳሩ፣ የቤተሰብ ታሪኩ አብረው ይታያሉ። ደግሞም ታይሮይዱ እስኪጣራ ይታገሡ፤ የታይሮይድ ማነስ ኤልዲኤልን ያሳድጋል፣ ሲኬንና ክሬአቲኒንንም ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ስኳሩን በሚመለከት በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በትክክለኛ ቱቦ ይደገም፣ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲም (የሦስት ወር ያህል አማካይ ስኳርን በመቶኛ የሚያሳየው) አብሮ ይሠራ። ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ፣ በሁለት ውጤት ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ነው። ኤዋንሲ በብረት እጥረት የደም ማነስ ላይ ያለ አግባብ ከፍ፣ ደም በሚፈርስበት ሁኔታ ላይ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል፤ እኚህ ሰው ሄሞግሎቢናቸው ጥሩ ስለሆነ ሊታመን ይችላል።

ግፊቱም በአንድ ልኬት አይፈረድበትም። ቤት ውስጥ ለሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ይለካ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ትክክል ሆኖ፣ ከአምስት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ። የመጀመሪያው ቀን ይጣልና የቀሪው አማካይ ይወሰድ፤ 135/85 ከደረሰ ከፍተኛ ነው። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ከተጠቀሙ ቁጥሩን በሐሰት ያወጣዋል።


የክሊኒክ ነርስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ሰውዬውን እንደገና ጠይቄው ያልነገረኝ ነገር ወጣ። «መድኃኒት አልወስድም» ያለው በሐኪም የታዘዘ ስለሌለ ነው እንጂ በየቀኑ 5 ግራም ክሬአቲን ዱቄት፣ ለፀጉር የሚሆን 5 ሚሊግራም ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን ይወስዳል። ከልምምድ በኋላም አልፎ አልፎ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይውጣል። ይህ የሚቀይረው ነገር አለ?

ሌላው፣ ተመርማሪዎች በሚቀጥለው ዙር የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ፣ ሲኢኤ እና ሲኤ 19-9፣ እንዲጨመርላቸው ይጠይቃሉ። የኒውትሮፊሉም ነገር ገና አልተመለሰልኝም።


ፋርማሲስት፦

ብዙ ይቀይራል። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም፤ «ዱቄት፣ ቫይታሚን፣ ዕፅ፣ ለሕመም ማስታገሻ ብለህ የምትውጠው ነገር አለ?» ተብሎ በስም በስሙ መጠየቅ አለበት።

ክሬአቲን ሰውነት ውስጥ ወደ ክሬአቲኒን ይለወጣል። ስለዚህ የማጣሪያ አቅሙ ሳይነካ ቁጥሩ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ሁለት ሦስት ሳምንት አቁሞ ይደገም። አቁሞም 1.3 ከሆነ፣ ወይም ማቆም ካልፈለገ፣ ሲስታቲን ሲ የሚባለው ምርመራ ይረዳል፤ ከጡንቻና ከክሬአቲን ጋር አይያያዝም። እሱም ቢሆን ከታይሮይድ ሁኔታ ጋር ይዋዥቃል፤ ቲኤስኤቹ ሳይጣራ ብቻውን አይፈረድበት።

ዳይክሎፌናክ ግን በቁጥር ብቻ የሚያልፍ አይደለም። ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ፣ ኢቡፕሮፌንንም ጨምሮ፣ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳል፤ ክሬአቲኒንን፣ ፖታሲየምን፣ የደም ግፊትን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊያሳድግ ይችላል። ዳይክሎፌናክ ኤኤልቲንም እንዲሁ። ላብ ያላበው፣ ውኃ ያነሰው፣ ጡንቻው የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ጫናው ይበረታል። እስኪደገም ድረስ ይተወው። ሕመም ካለበት ፓራሲታሞል በተለመደው መጠን፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ ይበቃዋል። ያንንም ደም ከመሰጠቱ በፊት ባሉት ቀናት ቢቀር ይሻላል፤ ኤኤልቲው ንጹሕ ሆኖ እንዲነበብ።

ባዮቲኑ አስቸጋሪ ነው። ብዙ የሆርሞን መሣሪያዎች ባዮቲንን የምርመራው አካል አድርገው ይጠቀሙበታል። ደም ውስጥ የበዛ ባዮቲን ሲገባባቸው ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ነፃ ቲ4ን (የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን) በሐሰት ከፍ አድርገው ያነባሉ። ስለዚህ ባዮቲኑ 5.6ን አያስረዳም፤ ያውም እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል። ደም ከመስጠቱ 72 ሰዓት በፊት ያቁም። ላብራቶሪውንም መሣሪያው በባዮቲን የሚነካ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ፤ ሁሉም አይነኩም።

ሲረሱ የማያቸውን ልጨምር። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ኮትራይሞክሳዞል የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ በቅርቡ የወሰደ ሰው ክሬአቲኒኑም ፖታሲየሙም ከፍ ይላል። ስብ ያቀልጣል የሚባል የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ እንክብል፣ ጡንቻ ያሳድጋል ተብሎ የሚሸጥ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ ጉበት ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ሐኪሙ ጊልበርት ያለውንም በመድኃኒት ካርዱ ላይ ያስጽፉት፤ ለኤችአይቪ የሚሰጠው አታዛናቪር ወይም ለካንሰር የሚሰጠው አይሪኖቴካን አንድ ቀን ቢታዘዝለት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።


የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ኒውትሮፊል 1,370። መጀመሪያ የድሮ ወረቀቶች ይፈለጉ። ከሦስት ዓመት በፊትም 1,400 ከነበረ ታሪኩ ሌላ ነው። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ብዙ ሰዎች፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ዝርያ ባላቸውም እንዲሁ፣ ቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት በውርስ አይኖርም። ይህ ሁኔታ ከቫይቫክስ ወባ ይከላከላል፤ በደም ዝውውር ውስጥ የሚቆጠረውን ኒውትሮፊልም ዝቅ ያደርጋል። ሰዎቹ ከሌላው ሰው በላይ በኢንፌክሽን አይጠቁም። ላብራቶሪው የሚጠቀምበት ወሰን ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛው ሰው «ዝቅ ያለ» ይባላል። ይህንን ባለማወቅ ሰው የአጥንት መቅኔ ናሙና እስከመስጠት ይደርሳል፤ ሊቆም የማይገባው መድኃኒትም ይቆምበታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ በአንድ ማብራሪያ የሚቀር ነገር ነውና።

ቢሆንም «የዘር ነው» ተብሎ ወዲያው አይዘጋ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም፣ ስሚር (መስታወት ላይ የተቀባ ደም) በሰው ዓይን ይታይ፣ ኤችአይቪና ቢ12 ይሠራ፣ በቅርቡ ቫይረስ አሞት እንደሆነ ይጠየቅ። ሄሞግሎቢንና ፕላትሌት መደበኛ ሆነው ቁጥሩ ከ1,000 በላይ ረግቶ ከቆየ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከ1,000 በታች ከወረደ፣ ወይም ከሌሎቹ ሴሎች አንዱ አብሮ ከቀነሰ፣ ወደ ደም ሐኪም ይሂድ። ከ500 በታች ሆኖ ትኩሳት ያለበት ሰው የድንገተኛ ሕመምተኛ ነው።

ቲኤስኤች 5.6 ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በተመሳሳይ የጠዋት ሰዓት፣ ከነፃ ቲ4 እና ከቲፒኦ አንቲቦዲ (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ እያጠቃ መሆኑን የሚጠቁም) ጋር ይደገም። ቲኤስኤች ሌሊት ይወጣል፣ ቀን ይወርዳል፤ ከሕመም በማገገም ላይ ያለ ሰውም ለጊዜው ከፍ ይልበታል። በዚህ መጠን ያለ ብዙ ውጤት ሲደገም ራሱ ይመለሳል። ነፃ ቲ4 መደበኛ ከሆነ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ከ10 ሲያልፍ ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ላይ ሳይዘገይ ሐኪም ያያታል።

የካንሰር ጠቋሚዎቹን በተመለከተ በግልጽ እላለሁ፦ ሕመም ለሌለው ሰው አይጨምሯቸው። ሲኢኤ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይ ከፍ ይላል፤ ሲኤ 19-9 የሐሞት መንገድ ሲዘጋ ይወጣል፣ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው ጨርሶ አያመርቱትም፤ ካንሰር ቢኖርባቸውም አይታይም። ጤነኛውን ወደ ሲቲና ኢንዶስኮፒ ይነዳሉ፤ የታመመውን «ንጹሕ ነህ» ይሉታል። ጥቅማቸው የታወቀ ካንሰር ያለበትን ሰው ሕክምና ለመከታተል ነው። ለቅድመ ምርመራ የተረጋገጡ ሌሎች መንገዶች አሉ፦ የማኅፀን በር ምርመራ፣ ማሞግራም፣ በሰገራ የተደበቀ ደም መፈለግ፣ እንደ ዕድሜው።

ዛሬ ለሰውዬው የሚነገረው፦ ድንገተኛ የሆነ ነገር የለም፤ ነገር ግን ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ ትራይግሊሰራይዱና ወገቡ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፣ ሥራውም ከአሁን ይጀመራል። በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ላይ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመደቡት ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31። ለ84 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ያህል ነው። ያው 6 ኪሎ የጉበቱንም ስብ ይቀንሳል። ልምምዱን እንዲተው አይባል፤ ደም ከሚሰጥበት ሳምንት በስተቀር ይቀጥል።

ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ከልምምድ በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከያዘው፣ ልቡ ያለ ልክ ከመታ ወይም እግሩ ከደከመ፣ ወይም ጥማትና ሽንት በዝቶበት ክብደት ከቀነሰ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይምጣ።


ማይክሮስኮፕ፦

አሠራሩን ላስቀምጥ፤ ሁለት ጊዜ ደም መስጠት ይበቃዋል።

ፖታሲየሙ ሳምንት ሙሉ አይጠብቅ የሚል ሐኪም ካለ በሁለት ሦስት ቀን ለብቻው ይሠራ። 6.0 ከደረሰ በዚያው ቀን ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ። ሌላው የመጀመሪያው ዙር በአሥረኛው ቀን አካባቢ ይሁን፦ ስኳር፣ ኤዋንሲ፣ ፖታሲየም፣ ክሬአቲኒን፣ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ሲኬ፣ የሽንት አልቡሚን። ክሬአቲኑን ዛሬ ቢያቆምም አሥር ቀን ሊያንሰው ስለሚችል ክሬአቲኒኑ ትንሽ ቢቀንስ እንኳ አቅጣጫውን ያሳያል፤ የመጨረሻው ፍርድ በሁለተኛው ዙር ነው። ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ከስሚር ጋር፣ ቲኤስኤች፣ ነፃ ቲ4፣ ቲፒኦ እና ቅባቶቹ ስድስተኛው ሳምንት ላይ በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክሬአቲኒኑም አብሮ ይደገም።

ለሁለቱም ዙር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ከምግብ ይራቅ፣ ከዚያ አይብለጥ። ውኃ ይጠጣ፤ ውኃ ያልጠጣ ሰው ደሙ ይወፍራል፣ ሥሩም አይገኝም። ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሰባት ቀን ከባድ ልምምድ አይሥራ፣ መራመድ ይችላል። አልኮል ቢያንስ ሦስት ቀን ይቅር። ማታውን ሥጋ አይብዛ።

ሲቀዳ፣ ክንዱ ታስሮ ሥሩ እንደተገኘና ደሙ መፍሰስ እንደጀመረ ላስቲኩ ይፈታ። ጨብጥ ልቀቅ አይባል። የቱቦዎቹም ቅደም ተከተል ይጠበቅ፤ ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የተጨመረው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ስለሆነ ጥቂት ወደ ሴረም ቱቦ ከገባ ፖታሲየምን ያሳድጋል፣ ካልሲየምን ያወርዳል። ስለዚህ የሴረሙ ቱቦ ይቅደም፣ ሐምራዊው ይከተል፣ ግራጫው መጨረሻ ይሁን። ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ደም መገልበጥ ፈጽሞ አይደረግ። ቱቦው ቀስ ብሎ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ይገለበጥ እንጂ አይናጥ። የሴረሙ ቱቦ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ከረጋ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊዩጅ ይደረግ። ክሊኒኩ ትንሽ ሴንትሪፊዩጅ ካለው እዚያው መለየት ይቻላል፤ ከሌለው ሰውዬው ራሱ ላብራቶሪ ሄዶ ይስጥ።

ላብራቶሪውንም አይቀይሩ። ከድሮ ወረቀት ጋር ሲያነጻጽሩ መለኪያውን አስቀድመው ይዩ። ስኳር 6.0 ሚሊሞል በሊትር ማለት ያው 108 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ በ18 ይባዛል። ክሬአቲኒን 115 ማይክሮሞል ያው 1.3 ነው፣ በ88.4 ይካፈላል። ቢሊሩቢን 29 ያው 1.7 ነው፣ በ17.1 ይካፈላል። በመጨረሻም በማዘዣው ላይ የተቀዳበትን ሰዓትና ሴረሙ የተለየበትን ሰዓት ሁለቱንም ይጻፉ፤ የሚወሰደውን ዱቄትና ቫይታሚንም ከስሙ ሥር።